በየሃያ አንድ ቀኑ የምትታመመው ዳማ

ባለፈው ቅዳሜ ባምባሲ ገበያ ዳር አንድ ሰው የበቅሎውን ጎን በጋለ ብረት ሲተኩስ የተቃጠለ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ለክፍሌ ጠመኔ ልገዛ የወጣሁ መምህርት የመጣሁበትን ረስቼ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። መንገዱን በሙሉ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር የሄድኩት።

በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተን የሰፈርንባት መንደር ከአሶሳ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር የምትጠራ ነበረች። መሬቷ ቀይ፣ ሳሯ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ዝናቧ አንዴ ከጀመረ ማባሪያ የሌለው። አባቴ ባምባሲ አካባቢ ለሚኖሩ ኦቦ ገመቹ ለሚባሉ ገበሬ የቀርከሃ ጎተራ ሠርቶ፣ ለድካሙ አንዲት ዳማ ሴት የፈረስ ውርንጭላ እየሳበ ሲመጣ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አየው፤ ከሰፈራው ትራክተር በቀር የምንመካበት ነገር አልነበረንምና። ስሟንም ዳማ አልናት። እኔ ደግሞ ሁሉን የምቆጥር ልጅ ነበርኩ፤ የዝናቡን ቀን፣ የዶሮዋን እንቁላል፣ የዳማን ጠባይ ሳይቀር በየረድፉ ግድግዳ ላይ በከሰል አሰምር ነበር።

ዳማ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ሰኔ ላይ ታመመች። መብላት ቀነሰች፣ ጅራቷን ታነሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ትሸናለች፣ አጥሩ ላይ ደረቷን አስደግፋ ወደ መንገዱ ታሽካካለች። በስድስተኛው ቀን ዳነች። ሐምሌ ላይ አገረሸባት፤ ደግሞ ዳነች። ሦስተኛው ሲመጣ በአገር ቤት ከብት ያክም የነበረው ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ብረቱን እሳት ውስጥ ከተተ።

«ኩላሊቷን ነው፤ ብረት ካልነካት አይለቃትም» አለ።

እኔ ግን ግድግዳዬን አይቼ መጥቼ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሃያ አንድ ሰረዝ፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛውም ሃያ አንድ።

«አባ፣ በሽታ ቀን ይቆጥራል?» አልኩት።

«ይቺ ደግሞ ሐኪም ሆነችብን» ብሎ ሳቀ አያ እንድሪስ።

ሰረዞቹን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እናቴ ከበሩ ሆና፣ «ቀን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ምን እንደሆነ እኛን ሴቶቹን ብትጠይቁን ብረት ባላጋላችሁ ነበር» አለች።  አያ እንድሪስ ብረቱን ከእሳቱ አውጥቶ ውኃ ውስጥ ነከረው።

አባቴን ያሳሳተው አላዋቂነት አልነበረም፤ የአገሩ ወቅት ነው። ሴት ፈረስ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመቷ ባለው ጊዜ ለአቅሟ ትደርሳለች፤ ድንጉላ የምትፈልገው ግን ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ ቀኑ ሲረዝምና ሳሩ ሲለመልም ነው፤ ያኔ በየሦስት ሳምንቱ ለጥቂት ቀናት ይመጣባታል። በአባቴ አገር ሳሩ የሚለመልመው በበልግ ዝናብ ነበርና መጋቢትና ሚያዝያን ጠብቆ፣ ምንም ሲያጣ «ዘንድሮ አልደረሰችም» ብሎ ዘግቶት ነበር። እዚህ ግን በልግ የለም፤ መጋቢት ላይ ያለው የተቃጠለ ሳር ነው።

በማግስቱ ዳማን ይዘን ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድን። ድንጉላቸው ከአጥሩ ማዶ ገና ሲያሽካካ እሷ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እሳቸው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራይቱን ልትተኩሳት ነበር?» አሉት። ቀጥለው ግን ግንባሯን ደባብሰው፣ «ድንጉላዬን አሁን አልሰጥህም። ደርሳለች፣ አጥንቷ ግን አልጠናም። በሚመጣው ክረምት አምጣት» አሉት።

ከዚያ በኋላ አባቴ በየማታው ከእርሻ ሲገባ «ዛሬ ስንተኛ ቀኗ ነው?» ይለኝ ነበር። መሐይም ነኝ የሚል ሰው፣ የቤቱ አዛዥ፣ ከእኔ አፍ ቁጥር ይጠብቃል። ኅዳር ላይ ሳሩ ሲደርቅ የዳማም ቀን ቆመ፤ ሰረዜም ቆመ። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲመለስ እሷም ተመለሰች፤ እኔና አባቴ የቤት ሥራችን የተከፈተ ያህል ተደሰትን። በሐምሌው ቀኗ ልንወስዳት ቆረጥን።

ቀኑ ሳይደርስ ዳማ መብላት አቆመች። ራሷን ደፍታ፣ ዓይኗ አንብቶ፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ቆመች። የዚያን ሰሞን ከወንዙ ዳር የሚመጣው ዝንብ የሰፈሩን በሬዎች በገንዲ በሽታ እየጨረሰ ነበር፤ ምልክቱም ይኸው ነበር። አባቴ ከእርሻ ገብቶ አየኝ እንጂ እሷን አላያትም።

«ሃያ አንድ ሞላ?» አለኝ።

አሥራ አራተኛው ቀን ነበር።

«ሞላ፣ አባ» አልኩት።

ያቺን አንዲት ሌሊት እንኳ በተስፋ ይደር ብዬ ነበር። ፊቱ በራ። ለነገው መንገድ ገመዷን ሊያጥብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አባቴም አልፏል፣ መንደሯም ሌላ ሰው ገብቶባታል፤ እኔም ለብዙ ልጆች ብዙ ቁጥር አስተምሬያለሁ። እያወቅሁ የተሳሳተ ቁጥር የተናገርኩት ግን ያን ምሽት ብቻ ነው፤ ዛሬም ቢጠይቀኝ ያንኑ እመልስለት ነበር።