ወደ ውስጥ የገባ «አዎ»

ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ የቤት ሥራዋን እንደማትሠራ ዛሬ ለእናቷ ነገርኩ። ልጅቷ ከእንግሊዝኛ ወደ ኦሮምኛ ተረጎመችላት፤ እኔ ኦሮምኛ አልችልም። እናትየዋ ፈገግ አለችና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ይህ በአገራችን «አዎ» ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው ርዕሰ መምህሬ ትዝ አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በስኮትላንድ፣ በተወለዱባት ደሴት ማስተማር ጀምረው እኛ በተሰደድንባት በስካርቦሮ ያረጁት እኚህ ሰው፣ እርጥብ ሱፍ የሚሸት ኮታቸውን እንደለበሱ፣ እንግሊዝኛ የማትችለውን እናቴን አስጠርተው «ልጅዎ ፈተና ላይ ኮርጃለች» አሏት።

«ጎበዝ ናት ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

«ተመስገን! ዕድሜ ይስጥልኝ በያቸው» አለች እማዬ።

እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ያልኩትን በሙሉ ነገርሻት?» ሲሉኝ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።

ፊታቸው በራ። «በእኛም ደሴት ‹አዎ› የሚባለው እንዲህ ነው! አያቴ፣ ወደ ውስጥ የገባ ‹አዎ› ከልብ ነው ትል ነበር» ብለው እጄን ጨበጡኝ።

በዚያው ሰኔ ጡረታ ወጡ፤ እውነቱን ሳልነግራቸው ቀረሁ። እማዬም ያን ቀን እስካሁን በኩራት ታነሳዋለች።

ዛሬ ተማሪዬን «ያልኩትን በሙሉ ነገርሻት?» አልኳት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ትንፋሿን ሳብ አደረገች።