ፊት የምታሳምረው ካሜራ

የጋዜጣችንን የንብረት ክፍል ኃላፊ «ማኅተም» እንለዋለን፤ እጁ የገባውን ሁሉ ስለሚያሽግ የወጣለት ስም ነው። የስብሰባ አዳራሹን የማራገቢያ ማብሪያ «ሰው ይነካካዋል» ብሎ ፕላስተር ለጥፎበት፣ በጋውን ሙሉ በላብ ተጠምቀን ተሰብስበናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ሰው ሁለቱንም ነው።

መስክ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ሪፖርተሮች በጫማቸው ይዘውት በሚመጡት ጭቃ ነው፤ ለዚያም ይቆጣል። እንግዲህ ለመስክ ሪፖርተሮች ኪስ የምትገባ ካሜራ ትመረጥ ሲባል የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ!

ሻጩ ሦስት ዓይነት ካሜራ ይዞ መጣ። ከእኛ ሁሉ አብዝታ መስክ የምትወጣው ሪፖርተር ቀድማ ተናገረች።

«ጋሼ፣ አቧራ የምትችል፣ ቶሎ የምታነሳ፣ ጨለማ ቤት ውስጥም የምታይ ትሁን። እስቲ ደጅ ይዘናቸው እንውጣና እንሞክር።»

«ደጅ? አዲስ ዕቃ ይዘሽ አቧራ ውስጥ?» አለና ሦስቱንም ወደ ደረቱ ሰበሰባቸው። ጫጩት የሚነጥቁት ነበር የሚመስለው።

ስለዚህ የመስክ ካሜራ በአዳራሽ ተፈተነች። የተነሱት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። የመጀመሪያዋ ከዓይናቸው ሥር ያለውን እብጠት አወጣችው። ሁለተኛዋ ራሰ በራቸውን አብለጨለጨችው። በሦስተኛዋ ላይ ሻጩ ከአናቷ ያለችውን ክብ ማዞሪያ ፈገግ ያለ ፊት ወደተሳለባት ምልክት አዞረና አነሳቸው። ሽብሽባቱ ጠፋ፤ አፍንጫቸው ላይ ያለችው ኪንታሮት እንኳ የለችም።

«ይቺ ናት ካሜራ!» አሉ። ኮሚቴው አጨበጨበ። ከነሱ ውስጥ ኪንታሮቷ የት ገባች ብሎ የጠየቀ የለም። ገጽ የማቀናብረው እኔ ከጥግ ሆኜ ጠየቅሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ። ማኅተም ደግሞ ካሜራዎቹ ሲመጡ የሁሉንም ማዞሪያ እዚያችው ፈገግታ ላይ አድርጎ በፕላስተር አሸገና ፊርማውን ጫረበት። «የጸደቀው በዚህ ነው። የነካ ይጠየቃል» አለ።

ታናሽ እህቱ ሳሙና ፋብሪካ ትሠራለች። ያስቀጠራት እሱ ነው፤ አንድ ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም። እዚያ ሴቶቹ መሸፈኛ ሳይሰጣቸው የሚያቃጥል ኬሚካል ያማስላሉ። ፊታቸው ተላጠ። እህቱ ደውላ ብትነግረው «ለምዶሽ ይተውሻል» አላት። ወንድም ተብሎ!

የፋብሪካው አለቃ የተጎዳ የለም ብሎ ስለካደ ሴቶቹ የቀራቸው ማስረጃ ፊታቸው ብቻ ነበር። እንጀራቸውን በሚያሳጣ ድፍረት ለሪፖርተሯ ፎቶ ተነሱ። እሷ በጥድፊያ ያነሳችውን መለስ ብላ እንኳ ሳታይ፣ እዚያው ቀርታ ጽሑፉንና የካሜራውን ካርድ በሾፌር ላከችልን፤ የደረሰን ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ነው። ከፈትኩት። ጽሑፉ ቁስል ይላል፤ ፎቶው ላይ ያሉት ሴቶች ግን ለሠርግ የተኳሉ ይመስላሉ።

«ይህቺ ካሜራ ፊት ትደልዛለች፤ ይህ ፎቶ አይወጣም» ብዬ ጮኽኩ። አዘጋጁ ማኅተምን አስጠራው። መጥቶ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«ኮሚቴ የመረጠው ካሜራ አይሳሳትም። ይኸው እህቴም አለችበት! እንዴት አምሮባታል! እኔ እኮ ብያት ነበር፣ ምንም አልሆነችም» አለ። ደስ አለው። ከእህቱ ድምፅ ይልቅ ፕላስተሩን አመነ። አዘጋጁም ወንድሟ ካለ ብሎ አሳተመው።

በማግስቱ የፋብሪካው አለቃ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ «የታለ ቁስሉ? ስም አጥፊዎች!» አለና ፎቶው ላይ ያሉትን ሴቶች በሙሉ አባረራቸው።

እህትየው ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ቢሯችን መጣች። በማኅተም ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣውን ዘረጋችና ሻርፑን አወረደችው። ጉንጯ እስከ አገጯ ተልጧል፤ አንዱ የዓይኗ ቆብ አይከደንም። እኔ ማየት አቃተኝ።

«ወንድምዬ፣ ፊቴን ምን አደረግከው?»

ሌላ ሰው ቢሆን እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር። የኛው ጉድ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ከመሳቢያው ካሜራ አወጣ። «ቆይ፣ ማስተካከያ እናወጣለን» አለና፣ ፕላስተሩን እንኳ ሳያነሳ፣ ቀጭ አደረጋት። ስክሪኑን አየ። ደነገጠ። እሷም ከእጁ ተቀብላ አየችው። ጤነኛ፣ ለስላሳ፣ የምታምር ልጅ ነበረች።

ካሜራዋን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«በል እሷን ይዘህ ቤት ግባ። እማዬ ልጄስ ስትልህ እሷን አሳያት» አለችና ሻርፗን ለብሳ ወጣች።

ያኔ ገና ፕላስተሩን በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። አሳምሮ ለጥፎት ኖሮ እምቢ አለው። ጥፍሩ እስኪደማ ታገለ፤ አላዘንኩለትም። ተላጦ ሲያልቅ እሷ ደረጃውን ወርዳ ጨርሳለች።