ስንቅ ለክፍቱ እስር ቤት

ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጄኔቫ፣ የፎቶ ትምህርት ቤቴ ውስጥ፣ መምህሬ ፎቶዎቼን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ስታያቸው ነው።

የመመረቂያ ሥራዬ ስለ አንድ ክፍት እስር ቤት ነበር፤ ከዙሪክ ወጣ ብሎ፣ ከቪንተርቱር ከተማ በአውቶቡስ የሚኬድበት። ክፍት ማለት አጥር የለውም። እስረኞቹ ከብት ያረባሉ፣ ድንች ይቆፍራሉ፤ አንዳንዶቹም ከተማ ሥራ ውለው ማታ ይመለሳሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቦታው ጠፍቶብኝ፣ ትራክተር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና እስር ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ውስጡ ነሽ» አሉኝ።

«እዚህ ነው የሚሠሩት?»

«እስከ መጋቢት።»

ፎቶ ማንሳት ሲፈቀድልኝ አንድ ደንብ ተነግሮኝ ነበር፤ የማንም እስረኛ ፊት መታየት የለበትም። ሌላ ፎቶ አንሺ ያዝን ይሆናል። ለእኔ ግን ደንቡ በረከት ነበር። ሰው ለማንሳት ማስፈቀድ ያስፈልጋል፣ ለማስፈቀድ ደግሞ መናገር። እኔ አውቶቡስ ውስጥ የማቆሚያውን ቁልፍ ሌላ ሰው እስኪጫነው የምጠብቅ ሰው ነኝ። ማንም ካልተጫነው አልፌ እወርድና በእግሬ እመለሳለሁ።

ስለዚህ ወንበር አነሳሁ። በር አነሳሁ። ጭቃ የነካው ቦት ጫማ አነሳሁ፣ ከዚያ እንደገና በር።

«ያምራሉ» አለች መምህሬ በመጨረሻ። «የቤት ዕቃ መደብር ይመስላል። ሰው የታለ?»

«ፊት ማሳየት አይቻልም።»

«ሰው ፊት ብቻ ነው?»

እስከ ሰኞ ሰው ያለበት አንድ ፎቶ ካላመጣሁ፣ ከምረቃው ኤግዚቢሽን እንደምወጣና ግድግዳዬ ለሌላ ተማሪ እንደሚሰጥ በጣም ለስላሳ በሆነ ፈረንሳይኛ ነገረችኝ። ፈረንሳይኛ ሲለሰልስ ያስፈራኛል።

ዓርብ ወደ ዙሪክ ተመልሼ ሽዋመንዲንገን ሰፈር፣ እናቴ ቤት ገባሁ። እናቴ እዚያው አጠገብ፣ ኦፕፊኮን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታሰናዳለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬን «የገጠር ፎቶ» እያልኩ ነበር የማወራላት፤ እስር ቤት የሚለው ቃል ያስደነግጣታል ብዬ። አሁን ነገርኳት። አልደነገጠችም።

«ስንት ጊዜ ሄደሻል?»

«አምስት ስድስት ጊዜ።»

«ምን ይዘሽ?»

«ካሜራ።»

ጎረቤት የሰማን ይመስል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስድስት ጊዜ እስር ቤት ሄደሽ፣ ስድስቱንም ባዶ እጅሽን? ምን ይሉናል?»

«እማዬ፣ ስለ እኛ አያውቁም እኮ።»

«እንግዲህ ያውቃሉ» ብላ ዱቄቱን ከመደርደሪያው አወረደች።

ቅዳሜ በባቡርም በአውቶቡስም የሄድነው ከድፎ ዳቦ፣ ከምስር ወጥ፣ ከጎመንና ከአንድ ጥቅል እንጀራ ጋር ነው። ስንደርስ «አጥርም በርም የለውም፣ ግቢ» አልኳት። እናቴ ግን መንገዱ ዳር ቆመች። እስር ቤት ሳይጠሩ አይገባም አለች።

ወጣቱ ጥበቃ ከቢሮው ወጥቶ መጣ። ዕቃዎቹን አየና ምን እንደሆኑ ጠየቀ። እኔ አፌን እስክከፍት ጊዜ ይፈጃል። እናቴ የምስሩን ክዳን ከፈተች፣ በእንጀራ ቆረስ አድርጋ ዓይን ዓይኑን እያየች በላች።

ልጁ ግራ ገባው፤ ግን ጨዋ ነው። በዙሪክ ጀርመንኛ «መልካም ምግብ» ለማለት የሚሉትን፣ «ኧን ጉተ» አላት።

እናቴ «እለፊ» እስኪላት ጠበቀች። አላላትም። ጎመኑን ከፍታ ቀመሰች። ልጁ ፈገግ አለ። ዳቦውን ቆርሳ በላች። ልጁ ወንበር አመጣላት።

«ስንት ጊዜ ልቅመስለት?» አለችኝ አፏን እየጠረገች። «ጠገብኩ እኮ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አጎቴ አዲስ አበባ ታስሮ በነበረ ጊዜ ምሳ የምታመላልስለት እሷ ነበረች። እዚያ ምግብ የሚያስገባ ሰው መርዝ አለመኖሩን ለማሳየት በር ላይ ራሱ ይቀምሳል። ይህን ለልጁ ስተረጉምለት ጆሮው ቀላ። እዚህ እንደማያስፈልግ ነገረን፤ ቀጥሎም ግማሹን ዳቦ እያየ፣ እሱም ቢቀምስ ደንብ ይከለክል እንደሆነ አሰበ። እንደማይከለክል ወሰነ።

ደጅ ካለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። መጀመሪያ የመጡት ባለትራክተሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደዋል።

«ምን አድርገው እንደገቡ ጠይቂያቸው» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ይሄ አይጠየቅም።»

«የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ያንቺ ሥራ መተርጎም ነው።»

ወደ ሰውየው ዞሬ «እዚህ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ትፈልጋለች» አልኳቸው።

«ላሞቹን ነው የምይዘው» አሉ ወደ በረቱ እያመለከቱ።

«ላም ነው ይላሉ» አልኳት።

«ላም!» እናቴ ፊቷ በኀዘን ተለወጠ። «በዚህ ዕድሜያቸው። ችግር እኮ ነው፣ የጠገበ ሰው ላም አይሰርቅም።» ወዲያው የልጅ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለለች።

ሰውየው እጇ ወደ ፊታቸው ሲመጣ ወደ ኋላ ሸሹና እኔን አዩ።

«አፍዎን ይክፈቱ» አልኳቸው። እዚያ ግቢ ለማንም የሰጠሁት የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው። ከፈቱ።

ካሜራውን ሳነሳ ዘገየሁ፣ ፎቶው ደበዘዘ። እናቴ ግን «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ጠቅልላ ነበር። በዚህኛው ቀርቤ ጠበቅሁ። የእናቴ መዳፍ ከዓይናቸው እስከ አገጫቸው ሸፍኗቸዋል፤ ከላይ ቆብ፣ ከጎን አንድ ጆሮ። ሰው አለበት፣ ፊት የለበትም።

ከኋላቸው ሌሎቹ ተሰለፉ። ስንሰናበት እናቴ በሆቴል ጀርመንኛዋ፣ ጣቷን እየነቀነቀች፣ ለሽማግሌው «ከእንግዲህ ላም የለም። እሺ?» አለቻቸው። «እሺ» አሉ፤ ምን እንደተባሉ ግን የገባቸው አይመስሉም ነበር።

ማታ ሶፋ ላይ ፎቶውን አሳየኋት።

«እጄ ወፍሯል» አለች። ቀጥላም «አስፈቀድሻቸው?»

«ፊታቸው አይታይም።»

«ጆሮው የማነው ታዲያ?»

ጆሮውን ደግሜ አየሁት። «ነገ አብረን ሄደን…»

«ነገ ቅዳሴ አለ። እኔ እግዜርን እጠይቃለሁ፣ አንቺ እሳቸውን ጠይቂ።»

እሑድ ጠዋት ብቻዬን ተሳፈርኩ። ከሾፌሩና ከእኔ በቀር አውቶቡሱ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ የማቆሚያውን ቁልፍ ራሴ ተጫንኩት። ሽማግሌው በረቱ ደጃፍ ቆመው ነበር። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር ልጀምር ስል ቀደሙኝ።

«እናትሽ ‹ከእንግዲህ ላም የለም› ያሉኝ ለምንድን ነው? ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ከላሞቹ ሊያነሱኝ ነው እንዴ?»

ነገርኳቸው፤ ጥያቄውን እንዴት እንደተረጎምኩት፣ እናቴም ምን እንደደመደመች። በረቱን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ለምን እንደገቡ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሳቃቸው ሲበርድ ፎቶውን አውጥቼ፣ ያጠናሁትን ረስቼ፣ «ይሄ እርስዎ ነዎት፣ ጄኔቫ ግድግዳ ላይ ልስቀለው?» አልኩ።

አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት።

«በእኔ በኩል ስቀይው» አሉ። «ግን ጆሮዬ ይታያል። ጆሮ ፊት ነው?»

አላውቅም ነበር። ስለዚህ ግቢውን አቋርጬ ወደ ቢሮው ሄድኩ፣ በሩን አንኳኳሁና ጠየቅሁ። ወጣቱ ጥበቃ የትናንቱን ዳቦ እያኘከ ነበር። እስኪውጥ ጠበቅሁት። ፎቶውን አየ፣ ደንቡን አነበበ፣ የራሱንም ጆሮ ዳሰሰ፤ ከዚያ ጆሮ ፊት አይደለም አለ።

ለሽማግሌው ልነግራቸው ወደ በረቱ እየሮጥኩ ተመለስኩ።