በአባት ቤት እንግዳ

ሃያ ሁለት ማዞሪያ የሚቆሙት የቫን ሹፌሮች ሱፍያንን «ባለ ድንጋዩ» ይሉታል። ስሙን ያወጣው የገዛ አፉ ነው። ወሬው ከየትም ይነሣ፣ ከናፍጣ ሰልፍም ይሁን ከትራፊክ ፖሊስ፣ ሱፍያን ዞሮ ዞሮ ካብ አምባ ያስገባዋል። ካብ አምባ የተወለደበት መንደር ነው፤ ወሎ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ፣ መኪና ታች ቆሞ ሰው በእግሩ የሚወጣው። ቤቱ ሁሉ የድንጋይ ካብ ነው፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካውም። አንዱ ቤት የሌላውን ትከሻ ተደግፎ ስለተሠራ የታችኛው ጣራ ለላይኛው ደጅ ይሆነዋል።

«እናንተ በብሎኬት ትኮራላችሁ» ይላል ሱፍያን ቫኑን ተደግፎ። «የአባቴ ቤት የስንት አያት ዕድሜ ቆሟል መሰላችሁ።»

«ቤቱስ ቆሟል፤ አንተን ግን አይቶህ ያውቃል?» ይለዋል ተስፉ። መኪናቸውን ጎን ለጎን የሚያቆሙ ወዳጆች ናቸው፤ እንደ ተስፉ የሚተናኮለውም የለም። «ያንተ ቤት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃው እንኳ ደክሞት የማይወጣበት።»

ሹፌሮቹ ይስቃሉ። የሱፍያንም ጥርሱ ይስቃል፣ ሆዱ ግን አይስቅም። ተስፉ ሳያውቀው ቁስሉን ነክቶታልና።

የካብ አምባ ጣራ ጠፍጣፋ ነው፤ በእንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ የተጠቀጠቀ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ የቤቱ ልጆች ካሉበት መጥተው ከወንዙ ዳር አፈር ይሸከማሉ፤ ጣራ ላይ አውጥተው በእግራቸው ይረግጡታል። ያን አፈር የተሸከመ የቤቱ ልጅ ነው፤ ደጅ ሳይጣራ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ከምሰሶው ወዲያ እሳቱ ዳር ይቀመጣል። ሳይሸከም የከረመ ግን፣ የበኩር ልጅም ቢሆን፣ ደጅ ቆሞ የሚጣራ እንግዳ ነው። ማንም አይሰድበውም፣ ማንም አያባርረውም። እንግዳ ነው፣ በቃ።

የሱፍያን አባት ዓብዱ የሞተው በግንቦት ነበር። ከቀብሩ ማግስት አገሩ ሁሉ እንቅቡን ይዞ ወደ ወንዝ ሲወርድ፣ ሱፍያን የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ታናሽ እህቱ ራሕማ ፊት ቆመ።

«ሥራ ይጠብቀኛል» አላት። «ይሄን ጭቃ ተዪው፤ ቆርቆሮ እልክልሻለሁ።»

ቆርቆሮውም አልሄደ፣ ሱፍያንም አልሄደ። ራሕማ ግን በየዓመቱ አፈሩን ብቻዋን ተሸከመች። ወንድምና እህት ከዚያ ወዲህ ተደዋውለው አያውቁም።

ይሄ ሁሉ ተዳፍኖ ይቀር ነበር፣ ሣባ ባትሰማ። ሣባ አትላስ አካባቢ ትንሽ የጉዞ ቢሮ አላት፤ ሱፍያንን አልፎ አልፎ ትቀጥረዋለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ስለ ካብ አምባ ሲተርክላት ዝም ብላ አዳመጠችውና፣

«እኛም አገር ህድሞ የሚባል የድንጋይ ቤት አለ፤ ድንጋይ ብርቄ አይደለም» አለችው። «ሰው እዚያ ማደር ይችላል ወይ? የሚያድሩበት ካለ ጉዞውን በየሳምንቱ ላንተ እሰጥሃለሁ። መንገዱ ያንተ ይሆናል።»

በየሳምንቱ። ከሃያ ሁለት ሰልፍ፣ ከተስፉ ምላስ የሚያወጣ ነገር።

«በአባቴ ቤት ያድራሉ» አለ ሱፍያን። «የኔ ቤት ነው፤ ማንን እጠይቃለሁ?»

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ፈሂማ ልብስ እያጠፈች ነበር። ሲነግራት እጇን አቆመች።

«ለራሕማ ደውልላት።»

«የገዛ አባቴን ቤት በስልክ ላስፈቅድ?»

«የአባትህ መሆኑን ማን ካደ? ጣራውን የተሸከመችው ግን እሷ ናት።»

«አንቺ ደሴ ከተማ ያደግሽው ሴትዮ፣ ስለ ካብ አምባ ምን ታውቂያለሽ?»

«ከተጋባን ጀምሮ ሌላ ወሬ አውርተህልኝ ታውቃለህ?» አለችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

አልደወለም።

ሣባ የላከቻቸውን የመጀመሪያዎቹን ወጣት ተጓዦች ከአትላስ ጭኖ ተነሣ። መንገዱ ሰላም አልነበረውም። ኋላ የተቀመጡት ሙዚቃ ቀይር ይሉታል፣ አይቀይርም። ቦሌ አንድ ባንክ የምትሠራ ረሆቦት የምትባል ልጅ ከጎኑ ተቀምጣ ስልኳን ፊቱ ላይ ደቅናለች።

«ሱፍ፣ ስለ ቤታችሁ ትንሽ አውራን። እሺ፣ ወደ ቤትህ መመለስ ምን ይሰማሃል?»

«እየነዳሁ ነው» አላት ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሣ። «ወሬ ከፈለግሽ እዚያ ድንጋዩን ጠይቂው።»

መኪናውን ታች አቁመው አቀበቱን ሲወጡ የመንደሩ ሰው አፈር ተሸክሞ ይመላለሳል። ግንቦት መሆኑን ሱፍያን ያኔ ነው ልብ ያለው። እንቅብ ያዘሉ ሴቶች ለእንግዶቹ መንገድ ለቀቁ፤ እሱን ግን ሽቅብ ቁልቁል አዩት። የአባቱ ጎረቤት የነበሩት ሸኽ ሃይደር ካቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው?» አሉት።

«ሸኽ፣ ረሱኝ እንዴ? ሱፍያን ነኝ፣ የዓብዱ ልጅ።»

«ማንነትህን መች ጠየቅሁህ። ወዴት ነው ነው ያልኩህ።»

«ወደ ቤቴ ነዋ።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «አብሽር። ደጁ ከነበረበት አልተነሣም።»

እንግዶቹ ከኋላው ስልካቸውን አንሥተው ይቀርጻሉ። ሱፍያን እንደ ልጅነቱ ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛው በር ዘው አለ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

ራሕማ እሳቱ ዳር ነበረች፤ እጇ እስከ ክንዷ አፈር ነው። አልተነሣችም።

«ወአለይኩም ሰላም» አለች። «ሰላምታውን መልሻለሁ። አሁን ውጣና ደጅ ቆመህ ተጣራ።»

«ራሕማ፣ ሰው ይዤ ነው የመጣሁት።»

«እነሱማ ቆመዋል። ደንቡን ካንተ ይልቅ ያውቃሉ።»

«ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«ውጣ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሱፍያን ወጣ። ደጁ ላይ ቆሞ አልጣራ አለ። ከተጣራ በገዛ አባቱ ቤት እንግዳ መሆኑን አመነ ማለት ነው፤ ካልተጣራ ደግሞ ለሣባ የሰጠው ቃል እዚያው ደጅ ላይ ይቀራል። ጎረቤቱ ሁሉ አፈሩን እንደተሸከመ ቆሞ ያያል። ወጣቶቹ ግራ ገባቸው።

«እዚህ ሲገባ ምን ይባላል?» ብላ ረሆቦት አንዲቷን ሴት ጠየቀች። ተነገራት። አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች።

ራሕማ ወዲያው ወጣች፤ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ሆነ። «ግቡ፣ የኔ ልጆች፤ ቤት የእንግዳ ነው።» አንድ በአንድ እጃቸውን አስታጠበች፤ በሩ ዳር ባለው የእንግዳ መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈችላቸው። ወተት ወጣ፣ ማር ወጣ። ሱፍያን ከውጭ ሳቃቸውን ሰማ። ብዙ ቆመ። ከጎረቤት ጣራ ላይ አፈር የሚረግጡ እግሮች ድም ድም ይላሉ።

በመጨረሻ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቤቶች» አለ።

ራሕማ ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣችና ጎንበስ አለችለት። «ይግቡ፣ እንግዳችን። መንገዱ አድክሞዎት ይሆናል።»

አንቱ አለችው፤ እሱ ባደገበት በዚያው እናት ጀርባ ታዝላ ያደገች የገዛ እህቱ። የተሻለውን አጎዛ ለሱ አነጠፈች፤ ማሩን መጀመሪያ ለሱ አቀረበች። «ይብሉ እንጂ። ምነው፣ ቤታችን አልተስማማዎትም?» ሱፍያን ማሩን ዋጠ፣ እንደ ኮሶ። ከምሰሶው ወዲያ ዓይኑ ሲሄድ የሱ ቦታ ላይ የአፈር እንቅብ ተቀምጧል።

«እህትህ እንዴት ነው የምታከብርህ» ብላ ረሆቦት በጆሮው ሹክ አለችው። «የኔ ወንድም እኮ ሰላምም አይለኝ።»

ሱፍያን ማሩን ወደሷ ገፋላት።

በማግስቱ እንግዶቹ ሳይነሡ ከመደቡ ወርዶ ጆንያ ያዘና ወደ ወንዝ ወረደ። አፈሩን ሞላ፣ ተሸከመ። መሪ ይዞ መቀመጥ የለመደ ወገቡ በአቀበቱ እኩሌታ ላይ ከዳው፤ ሸኽ ሃይደር ሲያልፍ አዩትና ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ። ቤቱ ግድግዳ ሥር ሲደርስ ራሕማ ጣራው ላይ ቆማለች። መሰላሉን ቁልቁል አየችው፣ አነሣችው፣ ወደ ላይ ሳበችው።

«እንግዳ አያሠሩም» አለች። «ነውር ነው። ገብተው ይቀመጡ።»

«ተይ፣ ራሕማ። አንቱታውን ተዪ። አፈሩን ተቀበዪኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄ አፈር ለጣራው ነው ወይስ ለቢሮው?»

ስለ ቢሮው ማን እንደነገራት አልጠየቀም፤ ወጣቶቹ ማታ በየሳምንቱ ስለሚመጣው ጉዞ ሲያወሩ ነበር። ሱፍያን አፉን ከፈተ። ለጣራው ነው ሊል ፈለገ፤ ግማሹ እውነት ነበር። ሌላኛው ግማሽ ግን ምላሱን ያዘው።

ራሕማም ዝምታውን ሰማች።

«እነዚህ ልጆች ጨዋ ናቸው፤ በልተዋል፣ አድረዋል፣ ሐላል ይሁንላቸው» አለች። «ሌላ ሰው ግን እንዳያመጡብኝ። እንግዳ እንግዳ አያመጣም።»

ጆንያውን ከግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ሲሸኟቸው ራሕማ ደጅ ድረስ ወጣች፤ ለሱም ለመንገድ ቂጣ ቋጠረችለት፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ። ቁልቁለቱን ወርዶ ዞር ሲል ጆንያው አፉ እንደታሰረ እዚያው ቆሟል። ራሕማ በጎኑ አልፋ የራሷን እንቅብ ይዛ ወደ ወንዝ ትወርዳለች።

አዲስ አበባ ሲገቡ ለሣባ እውነቱን ሳይሆን «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» አላት። ሣባ ግን ነጋዴ ናት። የረሆቦትን ቪዲዮ አየች፣ ከረሆቦት የራሕማን ስልክ ወሰደች፣ ራሷ ደወለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱፍያንን ቢሮዋ ጠራችው።

«እህትህ ተስማምታለች» አለችው ዓይኑን ሳታይ። «እንግዳ በቢሮው ስም ደጅ ቆሞ ከተጣራ እቀበላለሁ አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።»

«ሹፌሩ ሌላ ይሁን አለች» ብሎ ሱፍያን ራሱ ጨረሰላት።

ሣባ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ቅዳሜ ጠዋት በአትላስ ሲያልፍ ከቢሮው ፊት የቆመውን ቫን ከሩቅ ለየው፤ ስንት ዓመት ጎኑ ያቆመውን መኪና እንዴት አይለየው። ተስፉ የአዳዲስ ተጓዦችን ሻንጣ ይጭናል። ሱፍያንን ሲያይ ቀልድ ፈለገ፣ አጣ።

«ሣባ ናት የሰጠችኝ» አለ። «እኔ ባልወስደው ሌላ ይወስደዋል።»

«ይወስደዋል።»

«ቅር ብሎሃል።»

«ብሎኛል» አለ ሱፍያን። ሊያልፈው መኪናውን አንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ተስፉን አላየውም፤ ፊት ለፊት መንገዱን ነው ያየው።

«ስትደርስ ዘው እንዳትል፣ ደጅ ቆመህ ተጣራ» አለው። «ለእንግዳ ጥሩ ሰው ናት።»