መያዣ ያለው ቀበቶ

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ያቆመችው ከቤቷ በር አጠገብ፣ ብርሃን በደንብ በሚገባበት ጥግ ነው። የትምህርት ቤቱ የእረፍት ደወል በተሰማ ቁጥር አንዲት ልጅ በዚያ በር በሩጫ ታልፋለች። ሰፈሩ «ቆቅ» ይላታል። እናቷ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ፣ ክፍል ተቀምጣም ጆሮዋ ቤት ነው። እናቷን ከአልጋ አንስታ፣ መጸዳጃ ቤት አድርሳ እስክትመለስ ቀጣዩ ትምህርት ይጋመሳል።

አንድ ቀን ልጅቷ እየሮጠች ሳይሆን እየተጎተተች መጣች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«መምህሩ ክፍሉን ትደግሚያለሽ አሉኝ። ከመድገም ትምህርቱን ባቆመው ይሻላል።»

«እኔ ጎረቤትሽ ቁጭ ብዬ? እናትሽን እኔ አነሳታለሁ!»

«እትዬ፣ እርስዎ አያውቁበትም። በክንዷ ከሳቧት ትከሻዋ ይጎዳል። መያዝ ያለባት ወገቧን ነው፤ እሱም ቀሚሷ እያሟለጨ ያስቸግራል።»

ቀሚስ ካሟለጨማ ነገሩ የልብስ ሰፊዋ ሙያ ነው። ያን ዕለት ማታ እናትየውን እንደተጋደመች ለካቻት። ከወፍራም ሸራ ሰፊ ቀበቶ ሰፋች፤ በግራና በቀኝ፣ ከኋላም እንደ ቦርሳ ማንጠልጠያ ያለ መያዣ አበጀችለት። በማግስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ቢያስታጥቋት፣ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ለካ ሰው ሲቀመጥ ሆዱ ይሰፋል!

እናትየው በሳቅ ፈረሰች። «ተኝቼ ቀጭን ነኝ በሉኛ! ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ተጋድሜ ነው የምቀበለው።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን ሰፍቼ! ጉድ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ አንገቷን እየነቀነቀች። ወስዳ ሸራ ቀጠለችበት።

ከዚያ ልምምድ ሆነ። ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ታርማታለች።

«ወገብዎን አያጉብጡ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። አሁን እሷም በደህናው እግሯ ትግፋ።»

«እሺ አለቃዬ።»

እናትየው ብድግ አለች። ልጅቷ ግን ፊቷ አልፈታም። «እኔ በሌለሁበት ብትወድቅስ?»

«አንቺስ አንድ ቀን ጥለሽኝ የለ? ይኸው አልሞትኩም» አለች እናት።

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ተናገረች። «እናትሽን ልቀማሽ አይደለም የኔ ልጅ። ጠዋትና ማታ ያንቺው ናት። የእረፍት ሰዓቱን ብቻ ለኔ ተዪልኝ።»

ልጅቷ የቀበቶውን መያዣ ሳብ አድርጋ ፈተሸችና «ነገ ይሞክሩት» አለች።

በማግስቱ ደወሉ ሲደወል ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመኪናው ፔዳል አነሳች። እናትየውን አስታጥቃ፣ አንስታ፣ አድርሳ መለሰቻት። ሁለቱም ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር፤ ማንም እየሮጠ አልመጣም።

ቆቅ የመጣችው ትምህርት ሲያልቅ ነው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ጸጉሯ ተፈትቶ።

«የት ወድቀሽ ነው?» አለች እናት።

«ገመድ ስንዘል ነዋ።» ቦርሳዋን ወረወረችና ወደ አልጋው ተጠጋች። «አነሱሽ?»

«ሁለቴ። አንዴ ለመጸዳጃ፣ አንዴ ለወሬ።»