የጎጎን ኮርኒስ ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት ጎጎ ሱቄ በር ላይ ቆመው "ስሜን ሰረዙት!" ብለው ሲያለቅሱ የምገባበት ጠፋኝ።

ጎጎ (እዚህ አገር አያት ማለት ነው) በስደት በምኖርበት በቴምቢሳ ሱቁን ያከራዩኝ አሮጊት ናቸው። ከሱቁ ጀርባ ነው የሚኖሩት። ጣሪያቸው ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ በብርድ ወራት ቤቱ በረዶ ነው፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ምድጃ።

መንግሥት እንዲህ ላሉ ቤቶች ብርድና ሙቀት የሚከላከል ኮርኒስ ለማሠራት ይደጉማል። ጎጎም አመልክተው፣ ቤቱን የሚያዩ ሰዎች እስኪመጡ እየጠበቁ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጎጎ ክሊኒክ ሄደው ሳለ ሁለት ሰዎች ፋይል ይዘው መጡ። (እዚህ አገር ፋይል የያዘ ሰው ስናይ ልባችን ቀድሞን ነው የሚሮጠው።) ፔፐሬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፎበታል። እኔን ፍለጋ የመጡ መሰለኝ።

"ከኋላ ያለው ቤት ሰው ይኖርበታል?" አሉኝ።

"ማንም የለም" አልኩ። ጽፈው ሄዱ።

ለካ የጎጎን ቤት ሊያዩ የመጡት እነሱ ነበሩ፤ ዛሬ እያፈርኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎጎ "ፈርተህ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አብሬያቸው የድጎማው ቢሮ ሄጄ "የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ሠራተኛዋ እንደ አዲስ መዘገበቻቸው፤ ተራው ግን ከብርዱ በፊት አይደርስም አለች። የእኔን ፔፐር የጠየቀኝ ሰው የለም።

የክፍሌን ማሞቂያ፣ ሂተሬን፣ ወስጄ ክፍላቸው አስገባሁላቸው። ጎጎ መረቁኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እናንተስ፣ ለራሳችሁ ፈርታችሁ የተናገራችሁት ቃል ሌላ ሰው ጎድቶባችሁ ያውቃል? በምን ካሳችሁት?