ጋሽ ሕዝቅኤል በሺሻ የተጠረጠሩ ጊዜ

ጋሽ ሕዝቅኤል መካኒሳ ጎማ ሲነፉ የኖሩ ጎሚስታ ናቸው። ሥራውን ትተው ከባለቤታቸው ከእትዬ ማሚቴ ጋር ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሊያርፉ ሲሉ ሳንባቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሞቹ ዕጢውን ከሳንባቸው ቁራሽ ጋር ቆርጠው አወጡት። ዳኑ፤ ትንፋሽ ግን አጠራቸው። የስንቱን ሲኖትራክ ጎማ የሞሉ ሰው ደረጃ ላይ ቆመው "ቆይ፣ ቆይ" የሚሉ ሆኑ።

ይሄኔ ነው ሲስተር ውዳሴ የምትባል ነርስ ጥናት ውስጥ ያስገባቻቸው። ጥናቱ የካንሰር ሕክምና የጨረሱ ሰዎች በየትኛው የትንፋሽ ልምምድ እንደሚሻላቸው፣ መንፈሳቸውም እንደሚበረታ የሚያይ ነው። ለእሳቸው የደረሳቸው ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስና ቱቦ ሆነ፤ ጠዋትና ማታ በቱቦው ወደ ውሃው ቀስ እያሉ መንፋት። ለሌሎች ታካሚዎች ሌላ ልምምድ ስለተሰጠ፣ ውጤቱ እንዳይደበላለቅ ስለ ጠርሙሱ እንዳያወሩ ለመነቻቸው። ጋሽ ሕዝቅኤል ቃል ሲገቡ የዋዛ አይደሉም። ትንፋሽ ያጠራቸው ሰው ለማንም ትንፍሽ ላይሉ ፈረሙ። ለእትዬ ማሚቴም "ጥናት ነው" ከማለት ያለፈ አልነገሯቸውም።

ልምምዱን መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ በሩን ቆልፈው ያዙት። ከበላያቸው የምትኖረው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ፌኔት በአየር ማስወጫው በኩል ማታ ማታ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ትሰማ ጀመር። እትዬ ማሚቴ በዚያው ሰሞን እንደ ሺሻ ትምባሆ አፕል አፕል የሚሸት የወለል ሳሙና ስለገዙ፣ ሽታውም ድምፁን ተከትሎ ወጣ። ፌኔት ጆሮዋንም አፍንጫዋንም ማመን አቃታት። ጋሽ ሕዝቅኤል የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ምድር ቤት ተከፍቶ የነበረውን ሺሻ ቤት ብሎኩን አስተባብረው ያዘጉት እሳቸው ናቸው። ደረጃ ላይ አግኝታ በትሕትና ስለ ድምፁ ብትጠይቃቸው፣ ግራ ቀኝ አይተው እንደማይናገሩ፣ እንደፈረሙበትም ነግረዋት አለፉ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትላ በራቸውን አንኳኳች። እትዬ ማሚቴ ከፍተው፣ ባለቤታቸው ጥናት ላይ መሆናቸውን ነገሯቸው። ጥናቱ ከመታጠቢያ ቤት ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ወዲያው በሩ ተከፈተና ጋሽ ሕዝቅኤል ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ጠርሙሱን ታቅፈው፣ ቱቦውን በአፋቸው ይዘው ብቅ አሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎም?" አለች ፌኔት።

ሊመልሱ ፈለጉ፤ ትንፋሽ አጡ። ትንፋሹ ሲመጣ ደግሞ ቃላቸው ትዝ አላቸው።

"ውዳሴ ካልፈቀደች አልናገርም።"

እትዬ ማሚቴ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። "ውዳሴ ደግሞ ማናት?"

ስልክ ተደወለ፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ሆነ። ሲስተር ውዳሴ የሆነውን ስትሰማ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ክልከላው ስለ ሌሎቹ ታካሚዎች ብቻ እንደነበር፣ ጎረቤትንና ሚስትን እንደማይጨምር አስረዳች። በዚህ መሃል አንደኛው የኮሚቴ አባል ጠርሙሱን አንስቶ ሞከረው፤ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

"ማነው እሱ? የሰው ቱቦ አይነፋም!" አለች ከስልኩ ውስጥ። መንፋት የሚፈልግ መጀመሪያ ሐኪም ይየው ብላ ዘጋች።

በቀጠሯቸው ቀን ትንፋሻቸው ትንሽ ተሻሽሎ ተገኘ። ሲስተር ውዳሴ በዚህ ሰሞን ምን እንዳስደሰታቸው ስትጠይቃቸው፣ በሺሻ የተጠረጠሩበት ቀን ነው አሏት። የቀለዱ መስሏት ነበር።

"ከታመምኩ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ" አሏት። "በሺሻ የሚጠረጠር እኮ ጤነኛ ነው።"

ፌኔት ግን በሐፍረት ብርቱካን ይዛ መመላለስ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ ማናገር አመጣች። ይሄ አልተመቻቸውም። በቅርቡ የእሷ መታጠቢያ ቤት ውሃ በእሳቸው ጣሪያ ሲያንጠባጥብ ደረጃውን ወጥተው፣ በሯን ደብድበው፣ መሃል ላይ ሳያርፉ ተቆጧት። እሷም አልተኛችላቸውም፤ መለሰችላቸው። እትዬ ማሚቴ ከታች ሆነው እየሰሙ ነበር፤ ሊገላግሉ ግን አልወጡም።